ሽቅብ በባቡር፣ ቁልቁል በሰሌዳ፦ የአልፕስ የብቸኛ ጉዞ ሳይንስ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከስዊዘርላንድ ተነሥቶ የአልፕስን ተራሮች በማቋረጥ ኢጣሊያ ውስጥ ቲራኖ የሚገባው የበርኒና ባቡር የሚያልፍበት ከፍተኛ ቦታ ደግሞ ኦስፒሲዮ በርኒና የተባለው ጣቢያ ሲሆን ከፍታው 2,253 ሜትር ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ነዋሪ በየዕለቱ የሚመላለሰው፣ የውጭ አገር ጎብኚዎች ለማየት ከሚጓጉለት ከዚህ ጣቢያ ከፍ ባለ ምድር ላይ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በጥር ወር በኦስፒሲዮ በርኒና አጠገብ ያለው ሐይቅ ረግቶ ጠጣር ይሆናል፤ ባቡሩም የሚያልፈው መንገድ ጠራጊ ማሽን ክምሩን ከከፈተለት በኋላ ነው። በዚያው ወር አዲስ አበቤው ቀን ቀን በሸሚዝ ይሄዳል።

ልዩነቱን የፈጠረው ከፍታ ሳይሆን ኬክሮስ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ፣ የበርኒና መተላለፊያ ግን በ46 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል፣ በአልፕስ ከ20 ዲግሪ እምብዛም አታልፍም። ተዳክማ የምትመጣው ፀሐይ ከደመና የወረደውን ነጭ ብናኝ ማቅለጥ ስለማትችል፣ ብናኙ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ እየተደራረበ ይከማቻል።

በዚህ ነጭ ምድር ላይ በርካታ ወጣቶች አንድ ሰሌዳ በጀርባቸው አዝለው ብቻቸውን በባቡር ይጓዛሉ። ሽቅብ የሚያወጣቸው ባቡር ነው፤ ቁልቁል የሚያወርዳቸው ሁለት እግሮቻቸውን ያሰሩበት ሰሌዳ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉዞ ደረጃ በደረጃ እየተከተለ ከበስተጀርባው ያለውን ፊዚክስ ማብራራት፣ በመጨረሻም ብቻ መጓዝ በአመዳይ ምድር ለምን የተለየ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ማሳየት ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላት አንድ ማስታወሻ እናስቀምጥ። በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ከሰማይ የሚወርደውንም ሆነ ውኃ ሲረጋ የሚሠራውን ሁሉ «በረዶ» እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ግን በስስ ክሪስታል መልክ የሚወርደውንና እንደ ባዘቶ የሚከመረውን «አመዳይ»፣ ጠጣሩን ውኃ ደግሞ «በረዶ» እንለዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሌዳውና መንገዱ

በእንግሊዝኛ ስኖውቦርድ የሚባለው ሰሌዳ ረጅም ታሪክ የለውም። በ1965 ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ እንዲሆን ሁለት የአመዳይ መንሸራተቻ ጣውላዎችን (ስኪዎችን) ጎን ለጎን አጋጥሞ ሠራ። ሐሳቡን በ1970ዎቹ ጄክ በርተን ካርፔንተርና ሌሎች አሻሻሉት፤ ስፖርቱም በ1998 በናጋኖ የክረምት ኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። የክረምት ኦሎምፒክ ከአገራችን ጋርም ግንኙነት አለው። በ2006 በአልፕስ ግርጌ በምትገኘው በቱሪን በተካሄደው ኦሎምፒክ ሮቤል ተክለማርያም በስኪ ሩጫ ተወዳድሮ፣ በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ተጓዣችን የሚመርጠው መንገድ በምሥራቅ ስዊዘርላንድ ከኩር ይነሣል እንበል። በአልቡላ ሸለቆ በኩል ወደ ሳንክት ሞሪትዝና ወደ በርኒና ይወጣል፤ ተመልሶም ወደ ምዕራብ በማምራት 2,033 ሜትር ከፍታ ያለውን የኦበራልፕ መተላለፊያ ያልፋል። ከዚያ አንደርማትን አቋርጦ የነዳጅ መኪና እንዳይገባባት ወደ ተከለከለችው ወደ ዜርማት ይደርሳል። በሳንክት ሞሪትዝና በዜርማት መካከል የሚመላለሰው ታዋቂ የቱሪስት ባቡር 291 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 91 ዋሻዎችንና 291 ድልድዮችን ያልፋል፤ የሚፈጅበትም ጊዜ ስምንት ሰዓት ያህል ነው። «ኤክስፕረስ» መባሉ ስለ ፍጥነቱ ብዙም አይናገርም።

የዚህ መሥመር ሁለት ሐዲዶች በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሜትር ነው። ብዙዎቹ የዓለም ባቡሮች የሚሄዱበት ሐዲድ ግን 1.435 ሜትር ስፋት አለው። ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ኩርባ ለመታጠፍ ስለሚያስችል፣ የተራራውን ቅርጽ እየተከተሉ ለመሥራት ይመቻል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡራችንም ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። የዚያን ባቡር የሥራ ፈቃድ በ1894 ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ የተቀበለው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር ግን በሰፊው ሐዲድ የተሠራ ነው።

ብረት በብረት ላይ እንዴት ዳገት ይወጣል?

የባቡር ትልቁ ብልጫ ትልቁ ድካሙም ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ተቃውሞ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ባቡር ከባድ ሸክም በጥቂት ጉልበት ይስባል። ነገር ግን መንኮራኩሩ ወደፊት ሊገፋ የሚችለው ሐዲዱን ቆንጥጦ መያዝ ሲችል ነው። የዚህን የመያዝ አቅም ልክ የሚወስነው ሰበቃ ነው።

በቀላል ስሌት እንመልከተው። 60 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ 140 ቶን የሚመዝኑ ፉርጎዎችን ይስባል እንበል፤ ጠቅላላው ክብደት 200 ቶን ነው። ሐዲዱ ደረቅ ሆኖ የሰበቃው ምጥጥን 0.25 ቢሆን፣ ሎኮሞቲቩ ሊስብ የሚችለው ቢበዛ የ60 ቶን ሩብ፣ ማለትም የ15 ቶን ክብደት የሚያህል ኃይል ነው። 15 ለ200 ሲካፈል 0.075 ይሆናል። ስለዚህ ይህ ባቡር በ100 ሜትር ርቀት ከ7.5 ሜትር በላይ ከፍታ መጨመር አይችልም። ሐዲዱ ረጥቦ ወይም በረዶ ለብሶ ምጥጥኑ ወደ 0.1 ዝቅ ቢል ግን አቅሙ በ100 ሜትር ወደ 3 ሜትር ያሽቆለቁላል። ከመንኮራኩሩ ፊት አሸዋ የሚረጨው መያዣው እንዲጠነክር ነው።

መሐንዲሶች ይህን ወሰን በአራት መንገዶች ተቋቁመውታል።

የመጀመሪያው መንገዱን ማስረዘም ነው። በአልቡላ መሥመር በርጉን ከተባለችው መንደር እስከ ፕሬዳ ያለው የከፍታ ልዩነት 416 ሜትር ነው። የመሥመሩ ከፍተኛ ተዳፋት በ1,000 ሜትር 35 ሜትር በመሆኑ፣ ይህን ለመውጣት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ያስፈልጋል። ሸለቆው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚረዝመው። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራው ውስጥ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ ይወጣል፤ ተሳፋሪው ቀደም ሲል ያለፈበትን ሐዲድ ከመስኮቱ ቁልቁል ያየዋል። በብርድ ወራት በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው የመኪና መንገድ ለተሽከርካሪ ይዘጋና የሸርተቴ መንገድ ይሆናል፤ ሰዎች በባቡር ወጥተው በሸርተቴ ይወርዳሉ።

ሁለተኛው የሚገፉትን መንኮራኩሮች ቁጥር ማብዛት ነው። በርኒና በ1,000 ሜትር 70 ሜትር የሚወጣው ያለ ጥርስ ሐዲድ ነው። ይህ ከላይ ባየነው ስሌት ከወሰኑ አፋፍ ላይ ያለ ዳገት ነው። ሞተሮች በበርካታ መንኮራኩሮች ላይ ሲከፋፈሉ ግን ከባቡሩ ክብደት የሚበዛው ክፍል ለመግፋት ያገለግላል፤ አፋፉም ይርቃል።

ሦስተኛው ጥርስ ማውጣት ነው። በ1871 በኒክላውስ ሪገንባኽ የተሠራው የሪጊ ተራራ ባቡር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የተዘረጋውን ጥርሳም ሐዲድ በጥርሳም መንኮራኩር እየነከሰ ወጣ። በ1889 የተከፈተው የፒላቱስ ባቡር በ100 ሜትር እስከ 48 ሜትር ይወጣል፤ በዓለም ካሉት ጥርሳም ባቡሮች እርሱን በቀጥተኛነት የሚያህለው የለም። በዚህ ዓይነት ዳገት ከላይ ወደ ታች የሚነክስ ጥርስ ከቦታው ተፈናቅሎ ሊወጣ ስለሚችል፣ መሐንዲሱ ኤድዋርድ ሎኸር ሁለት መንኮራኩሮች ከግራና ከቀኝ ሐዲዱን እንዲቆነጥጡት አደረገ።

አራተኛው ተራራውን ጨርሶ አለመውጣት ነው። በ2016 የተከፈተው የጎታርድ ግርጌ ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከፍተኛው ቦታም ከባሕር ወለል በላይ 549 ሜትር ብቻ ነው። በላዩ እስከ 2,300 ሜትር የሚደርስ ዓለት ስለተጫነ ቆፋሪዎቹ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማያንስ የዓለት ሙቀት ገጥሟቸዋል። በአልፕስ እምብርት ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያስቸግረው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው።

ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ የማይሞላ ጉልበት

ተጓዣችን አሁን ዜርማት ደርሷል። ከዚህ ተነሥቶ በ1898 በተከፈተው ጥርሳም ባቡር 3,089 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ጎርነርግራት ይወጣል። የከፍታው ልዩነት 1,480 ሜትር ያህል ነው። ተጓዡ ከነሰሌዳውና ከነልብሱ 90 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ባቡሩ እርሱን በማውጣት የሚሰጠው እምቅ ጉልበት 1.3 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቋንቋ 0.36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሌላ አነጋገር ሰውዬውን አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት፣ አንድ ምጣድ ከአሥር ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ የሚበላውን ያህል ነው። ባቡሩ ራሱንም ስለሚያነሣ ትክክለኛው ፍጆታ ከዚህ ይበልጣል፤ ነገር ግን የሚወርደው ባቡር ሞተሮቹን እንደ ጄኔሬተር በመጠቀም ከጉልበቱ ከፊሉን ወደ መሥመሩ ይመልሳል።

ተጓዡ ግን የሚመልሰው የለም። ሰበቃና የአየር ተቃውሞ ባይኖሩ ኖሮ ዜርማት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። እርሱ ግን ግርጌው ላይ ቀስ ብሎ ይቆማል። 1.3 ሚሊዮኑ ጁል በሙሉ በመንገድ ላይ ወደ ሙቀትነት ተለውጧል ማለት ነው። ሙቀቱ ሁሉ በዜሮ ዲግሪ ላይ ላለ አመዳይ ቢሰጥ ኖሮ 3.9 ኪሎ ግራሙን ያቀልጥ ነበር። የዚህ ቀላጭ ጥቂቱ ክፍል ነው መንሸራተትን የሚያስችለው።

ሰሌዳው ለምን ይንሸራተታል?

ለረጅም ጊዜ ይሰጥ የነበረው መልስ «ክብደት በረዶውን ጨፍልቆ ያቀልጠዋል» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ግፊት የበረዶን የመቅለጫ ነጥብ ዝቅ ያደርጋል። ግን በምን ያህል? በአንድ አትሞስፌር ግፊት 0.0074 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው። የተጓዣችን ሰሌዳ 1.5 ሜትር ርዝመትና 25 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቢኖረው፣ 90 ኪሎ ግራም የሚያሳድርበት ግፊት የአንድ አትሞስፌር 2 በመቶ ገደማ ነው። ሰሌዳው አመዳዩን በትክክል የሚነካው ከስፋቱ በአንድ መቶኛው ብቻ ነው ብለን ግፊቱን መቶ ጊዜ ብናበዛው እንኳ፣ የመቅለጫው ነጥብ የሚወርደው ከአንድ ዲግሪ ሁለት መቶኛ ባነሰ መጠን ነው። አመዳዩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ከሆነ ይህ ምንም አይፈይድም።

ትክክለኛውን አቅጣጫ ያመለከተው ሙከራ የተካሄደው በዚያው በአልፕስ፣ ያውም ባቡር በሚደርስበት ቦታ ነበር። በ1912 የተጠናቀቀው የዩንግፍራው ባቡር በዓለት ውስጥ ተቆፍሮ 3,454 ሜትር ላይ በሚገኘው በአውሮፓ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ ይቆማል። በዚያ በ1931 የሳይንስ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። ቦደንና ሂውዝ የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በዚያ ሙከራ ሲያካሂዱ፣ ውጤታቸውን በ1939 አሳተሙ። መንሸራተትን ቀላል የሚያደርገው ቀጭን የውኃ ንጣፍ የሚፈጠረው በግፊት ሳይሆን ሰበቃው ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት ነው የሚል ነበር መደምደሚያቸው።

ይህንም በስሌት እንፈትሸው። የሰበቃው ምጥጥን 0.05፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 15 ሜትር (በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር) ቢሆን፣ ከሰሌዳው ሥር በየሴኮንዱ 660 ጁል ያህል ሙቀት ይመነጫል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334,000 ጁል ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ሙቀት በሴኮንድ ቢበዛ 2 ግራም ያቀልጣል። በዚያችው ሴኮንድ ሰሌዳው 3.75 ካሬ ሜትር መሬት ይጠርጋል። ሁለቱን ግራም በዚህ ስፋት ብናነጥፈው የውኃው ውፍረት ግማሽ ማይክሮሜትር ይሆናል። ይህ ከአንድ የጠጉር ዘለላ ውፍረት አንድ መቶኛውን አይሞላም፤ ሆኖም ለማለስለስ ይበቃል። በተጨማሪ የበረዶ ገጽ ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቢሆን ውኃ መሰል ስስ ሽፋን እንደሚኖረው ማይክል ፋራዴይ በ1850 ጠቁሞ ነበር፤ ዛሬ ይህ ሽፋን በዘመናዊ መሣሪያዎች ተረጋግጧል። መንሸራተት የሁለቱ ድምር ውጤት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ተጓዦች የሚያውቋቸውን ሁለት ነገሮች መረዳት እንችላለን። አመዳዩ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ የሰበቃው ሙቀት ንጣፉን ለመሥራት ስለማይበቃ ሰሌዳው በአሸዋ ላይ እንደሚጎተት ሆኖ ይዘገያል። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ውኃው ከልክ በላይ በዝቶ ሰሌዳውን ከአመዳዩ ጋር ያጣብቀዋል። የሰሌዳውን ሆድ ውኃ በሚጠላ ሰም መቀባትና በላዩ ጥቃቅን ቦዮችን ማውጣት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

መታጠፍ ማለት ፍጥነትን መግራት ነው

ሰሌዳውን ከላይ ብናየው ወገቡ ቀጭን፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሰፋ ያሉ ናቸው። የጎኑ ጠርዝ የአንድ ትልቅ ክብ ቅስት ነው፤ የክቡ ሬዲየስ ብዙውን ጊዜ 8 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ተጓዡ ሰሌዳውን በጎኑ ሲያዘነብለው ወገቡ አመዳዩን እስኪነካ ድረስ ይተጣጠፍና ጠርዙ ከዚያ በጠበበ ክብ መንገዱን ይቀርጻል። ሰሌዳው በ45 ዲግሪ ቢያዘነብል የኩርባው ሬዲየስ ከ8 ወደ 5.7 ሜትር ይቀንሳል።

ታዲያ ተጓዡ ለምን አይወድቅም? ብስክሌተኛ ኩርባ ላይ እንደሚያዘነብል ሁሉ፣ የመሬት ስበትና የኩርባው ግፊት ሲደመሩ አቅጣጫቸው በሰሌዳው በኩል የሚያልፍ ከሆነ ሚዛኑ ይጠበቃል። የመንገዱን ቁልቁለት ቸል ብለን ብናሰላ፣ በ45 ዲግሪ ለማዘንበል ትክክለኛው ፍጥነት በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሰሌዳ ሳይንሸራተቱ ንጹሕ ቅስት መቅረጽ የሚቻልበት ወሰን ደግሞ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ጠርዙ መያዣውን ያጣና ሰሌዳው ወደ ጎን እየፋቀ ይሄዳል። ተወዳዳሪዎች ረጅም ሬዲየስ ያለው ሰሌዳ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ጀማሪው ደግሞ ይህንኑ መፋቅ እንደ ፍሬን ይጠቀምበታል።

በነጩ ሥር የተደበቀው

እስካሁን አመዳዩን አንድ ወጥ ነገር አድርገን ቆጠርነው። በእውነቱ ግን እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረበ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽም የወረደበትን ቀን የአየር ጠባይ መዝግቦ ይዟል። አደጋው የሚመጣው ከገጾቹ አንዱ ሲደክም ነው።

በኅዳር መጨረሻ 80 ሴንቲ ሜትር አመዳይ አለ እንበል። ከሥሩ ያለው መሬት ሙቀቱን ስለሚጠብቅ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ጥርት ባለ ሌሊት ግን ላይኛው ገጽ ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ በአንድ ሜትር 20 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ልዩነቱ በሜትር ከ10 ዲግሪ ሲበልጥ፣ ከታች ያለው የውኃ ተን በአመዳዩ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሸሽና በቀዝቃዛዎቹ ቅንጣቶች ላይ እንደገና ይረጋል። በዚህ ሂደት እርስ በርሳቸው ተሳስረው የነበሩት ክሪስታሎች ማዕዘን ወዳላቸውና እንደ ስኳር ወደሚንኮታኮቱ ቅንጣቶች ይለወጣሉ። ልብ ይበሉ፤ አመዳዩ ባነሰ ቁጥር በሜትር የሚኖረው የሙቀት ልዩነት ይጨምራል። ጥቂት አመዳይ የወረደበት ዓመት ከአደጋ ነጻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ ነፋስ ያመጣው አዲስ አመዳይ በዚህ ደካማ ንጣፍ ላይ ተጭኖ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጠነክራል። አንድ ሰው በላዩ ሲያልፍ ደካማው ንጣፍ ይሰበራል፤ ስብራቱ በቅጽበት ወደ ጎን ይሮጣል፤ ተዳፋቱም በቂ ከሆነ ሙሉው ሰሌዳ መሰል ክምር ተላቆ ይናዳል። አንዳንድ ጊዜ ከመናዱ በፊት «ውምፍ» የሚል ድፍን ድምፅ ከእግር ሥር ይሰማል። ሕይወት በሚቀጥፉት የመዝናኛ ጊዜ ናዳዎች ከአሥሩ በዘጠኙ ናዳውን የቀሰቀሰው ተጎጂው ራሱ ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው።

«በቂ ተዳፋት» ምን ያህል ነው? አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናዳዎች የሚነሡት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ከባቡሮቻችን ጋር እናነጻጽረው፤ የበርኒና ዳገት 4 ዲግሪ፣ የፒላቱስ ደግሞ 26 ዲግሪ ገደማ ነው። ናዳ የሚጀምርበት ተዳፋት በዓለም ቀጥተኛው ጥርሳም ባቡር እንኳ ከማይወጣው በላይ ነው። ሆኖም ናዳ ከላይ ተነሥቶ ወደ ዝቅተኛው መሬት ስለሚወርድ መንደሮችና ሐዲዶችም አይድኑም። በየካቲት 1999 በኦስትሪያ ጋልቱር መንደር ላይ የወረደ ናዳ 31 ሰዎችን ገድሏል። ሐዲዶች በሲሚንቶ ጣሪያ የሚሸፈኑት፣ ተራሮች የብረት አጥር የሚታጠሩት፣ ደኖች የሚጠበቁት ለዚህ ነው። ከአንደርማት በላይ ያለውን ደን መቁረጥን የሚከለክለው ደንብ የተጻፈው በ1397 ነው።

አሥር ደቂቃ

በመላው አልፕስ በየዓመቱ በአማካይ 100 ያህል ሰዎች በናዳ ይሞታሉ። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ብርድ ሳይሆን የአየር እጦት ነው። በ1994 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀበሩት መካከል በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚወጡት ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋሉ፤ 35 ደቂቃ ላይ ግን የሚተርፉት ከአሥሩ ሦስቱ ያህል ብቻ ናቸው። በ2024 የወጣው አዲስ ጥናት ደግሞ የመጀመሪያውን የተስፋ ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አሳጥሮታል።

የብቸኛ ጉዞ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከተዘጋጀው መንገድ ውጪ የሚሄዱ ሰዎች በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚያሰራጭ መሣሪያ በደረታቸው ይታጠቃሉ፤ መፈለጊያ ዘንግና አካፋም ይይዛሉ። መሣሪያው ድንቅ ነው፤ የሚሠራው ግን የሚሰማው ሌላ ሰው በአጠገብ ሲኖር ነው። የናዳ አመዳይ ከቆመ በኋላ ጠጥሮ አንድ ሜትር ኩቡ 400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን ሰው ለማውጣት አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ስፋት ቢቆፈር 900 ኪሎ ግራም መዛቅ ያስፈልጋል። የተቀበረው ሰው ራሱ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ይቸግረዋል። ሄሊኮፕተር የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የሚጠራው ሰው ከሌለ አይነሣም። ስለዚህ ለብቸኛ ተጓዥ ከናዳ የመዳኛው መንገድ በተግባር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ናዳ ወደሚነሣበት ተዳፋት አለመግባት ነው።

ይህ ማለት ግን ብቻውን መጓዝ የለበትም ማለት አይደለም። በምልክት የተከለሉት መንገዶች በየማለዳው በባለሙያዎች ይመረመራሉ፤ አስጊ ክምር ሲኖር በፈንጂ ሆን ተብሎ እንዲናድ ይደረጋል፤ ካልሆነም መንገዱ ይዘጋል። በዳቮስ የሚገኘው የስዊዘርላንድ የአመዳይና የናዳ ምርምር ተቋም በብርድ ወራት በየዕለቱ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 17 ሰዓት) የአደጋ መግለጫ ያወጣል፤ ጠዋትም ያድሰዋል። መለኪያው አምስት ደረጃዎች አሉት። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በአምስተኛው ሳይሆን በሦስተኛው ደረጃ ቀን መሆኑ ሊያስገርም ይችላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ አምስተኛው ሁሉንም ያስፈራል፣ ሦስተኛው ግን «መካከለኛ ነው» ተብሎ ይናቃል።

እንግዲህ ብቸኛው ተጓዥ ማታ መግለጫውን ያነብባል፤ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለማደሪያው ሠራተኛ ወይም ለወዳጁ ይነግራል፤ የመጨረሻው ባቡር የሚነሣበትን ሰዓት ያውቃል። ብርድ የስልክ ባትሪን ስለሚያዳክም ስልኩን ከውስጥ ልብሱ ያደርጋል፤ በአውሮፓ በሙሉ የሚሠራውን 112 የተባለ የድንገተኛ አደጋ ቁጥርም ይይዛል። ከገመዱ ባሻገር ማንም ያልረገጠው ነጭ ሜዳ ሲጠራው ደግሞ፣ በዚያ ነጭ ሥር ሊኖር የሚችለውን የስኳር ንጣፍ ያስታውሳል።

ይህ ሁሉ ውበት ዘላቂ ነው ማለትም አይቻልም። በ2022 እና በ2023 ብቻ የስዊዘርላንድ የበረዶ ግግሮች ከነበራቸው መጠን 10 በመቶ ያህሉን አጥተዋል፤ በዝቅተኛ ተራሮች ላይም አመዳይ የሚቆይባቸው ቀናት እያነሱ ነው። ባቡሮቹ ወደፊትም ሽቅብ ይወጣሉ። ቁልቁል የሚመልሰው ነጭ መንገድ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ወዳለ ቦታ እየሸሸ ነው።